በጎንደርና በሰሜን ደጋ መንገዶች የጎዳና ብስክሌት ጎማ አመራረጥ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው አስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ከተቆረቆረችው ከተማ ተነሥቶ ወለቃን ያልፋል፤ በኮሶዬ በኩል ወደ አምባ ጊዮርጊስ ይወጣል፤ ከዚያም ሜዳና ጉብታ እየተፈራረቀበት በዳባት አድርጎ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው በጠጠር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ ያመራል። ሌላው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል።

በዚህ መንገድ ላይ የጎዳና ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ጎማ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ በሁለት አባባሎች ይመራል። የመጀመሪያው ቀጭንና በደንብ የተነፋ ጎማ ፈጣን ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ላስቲኩ የወፈረ ጎማ ዕድሜ አለው ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን የተወለዱት ከዚህ ደጋ ርቆ ባለ፣ ለስላሳ አስፋልትና በየመንደሩ የመለዋወጫ ሱቅ ባለበት አገር ነው። ከፍታው፣ የመንገዱ ገጽና የዕቃ አቅርቦቱ ሲለወጡ የምርጫው ሚዛንም ይለወጣል።

ጎማ እንደ ዳገት

የመንከባለል ተቃውሞ የሚገለጸው መለኪያ አሃድ በሌለው ቁጥር ነው። ብስክሌቱን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ጎማዎቹ ለተሸከሙት ክብደት ተካፍሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ ቁጥሩ በባሕርዩ ከዳገት ተዳፋትነት ጋር አንድ ነው። 0.004 ተቃውሞ ያለው ጎማ በየ100 ሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ፣ ዓይን የማያየው ዳገት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። የተሻሉ የውድድር ጎማዎች ተቃውሞ 0.003 አካባቢ ነው፤ ወፍራም መከላከያ ያላቸው የከባድ ጉዞ ጎማዎች ደግሞ እስከ 0.007 ይደርሳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.004 ነው። ይህ በጎንደርና በደባርቅ መካከል ባለው 100 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 400 ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 700 ሜትር ያህል መሆኑ ሲታሰብ፣ ከባዱን ጎማ የመረጠ ጋላቢ ከግማሽ በላይ የሆነ ተጨማሪ ዳገት በገዛ ፈቃዱ እንደጨመረ ይቆጠራል።

ከፍታው ይህን ልዩነት ይበልጥ ጉልህ ያደርገዋል። ጋላቢውና ብስክሌቱ በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ 0.005 ተቃውሞ ያለው ጎማ 33 ዋት ያህል ይወስዳል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ተቃውሞው ለተለመደ አቀማመጥ 113 ዋት ገደማ ነው፤ አየሩ በሳሳበት በደባርቅ ከፍታ ግን ወደ 81 ዋት ዝቅ ይላል። የጎማው ድርሻ በዚህ ምክንያት ከ22 በመቶ ወደ 29 በመቶ ያድጋል። ዳገት ላይ ፍጥነት ሲቀንስ የአየሩ ተቃውሞ ከዚህም በላይ ያሽቆለቁላል፤ ከስበት ቀጥሎ የሚቀረው ባላጋራ ጎማው ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ከጎማ ይልቅ ለአየር ቅርጽ ቅድሚያ ሲሰጡ ለራሳቸው ሜዳ ትክክል ናቸው። ለወገራ ደጋ ግን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይገባል።

ይህን ወደ ጊዜ መመንዘር ይቻላል። የ0.004 ልዩነት ለተጠቀሰው ክብደት በ100 ኪሎ ሜትር 314 ኪሎጁል ሥራ ይጠይቃል፤ 180 ዋት ኃይል ለሚያወጣ ጋላቢ ይህ የ29 ደቂቃ ድካም ነው። አንድ የተበሳ ጎማ ለመቀየር 15 ደቂቃ ይበቃል ከተባለ፣ እጅግ ወፍራሙ ጎማ ራሱን በጊዜ የሚያካክሰው በእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ሁለት ብስ ካስቀረ ብቻ ነው። በአስፋልት ላይ እንዲህ ያለ ብስ ብዛት እምብዛም አያጋጥምም። በአንጻሩ መካከለኛው ክፍል፣ ማለትም ቀጭን መከላከያ ድርብ ያለው የልምምድ ጎማ፣ 0.0045 አካባቢ ይገኛል። ከውድድር ጎማው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው 11 ደቂቃ ነው፤ አንድ ብስ ካስቀረ ሒሳቡ ተዘጋ። ስለዚህ ብርታትና ፍጥነት የግድ የሚጣሉ ባሕርያት አይደሉም፤ የሚጣሉት በሁለቱ ጽንፎች ላይ ብቻ ነው።

ጉልበቱ የት ይጠፋል?

ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍል ይታጠፋል፤ ተመልሶም ይዘረጋል። ላስቲክ ሲታጠፍ የተቀበለውን ጉልበት ሁሉ አይመልስም፤ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ኪሳራው የሚወሰነው በላስቲኩ ቅይጥ፣ በላስቲኩ ውፍረትና ከሥሩ ባለው የክር ገበር ልስላሴ ነው። ቀጫጭን ክሮች ጥቅጥቅ ብለው የተሠሩበት ገበር በቀላሉ ይታጠፋል፤ ወፍራም ክር ያለው ይደርቃል። መከላከያው የሚቀመጥበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። እንደ ቬክትራን ያለ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር መሬት ከሚነካው ላስቲክ ሥር ብቻ በስሱ ሲነጠፍ ጎኖቹ ልስላሴያቸውን ይጠብቃሉ፤ የኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ ተከታታይ ጎማዎች የሚከተሉት ይህን መንገድ ነው። የሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ በተቃራኒው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ንጣፍ ይይዛል። መስታወትና እሾህ አያልፈውም ለማለት ይቻላል፤ ግን ያ ንጣፍ በእያንዳንዱ ዙር መታጠፍ አለበት።

በገበያ የሚታወቁት የተቃውሞ ቁጥሮች በአብዛኛው የተለኩት በሚሽከረከር የብረት በርሜል ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በርሜሉ ላይ ግፊት በጨመረ ቁጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ጎማን እንደ ድንጋይ እስኪደርቅ የመንፋት ልማድ ከዚህ ድጋፍ ያገኛል። በእውነተኛ መንገድ ላይ ግን ግፊቱ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ጎማው ሻካራውን መዋጥ ያቆምና ብስክሌቱንና ጋላቢውን ያነጥራል። የሚንቀጠቀጠው የሰው አካል ጉልበቱን በጡንቻና በሥብ ውስጥ ያባክነዋል። መንገዱ በሻከረ ቁጥር ይህ የመዞሪያ ነጥብ ዝቅ ይላል። በፓሪስ ሩቤ ውድድር የዓለም ምርጥ ጋላቢዎች በድንጋይ ንጣፍ ላይ 30 እና 32 ሚሊ ሜትር ጎማ በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀሙት ለምቾት ብለው አይደለም፤ ፈጣን ስለሆነ ነው።

ወደ ጎንደር ሲመለሱ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። የከተማዋ የውስጥ መንገዶች በርካታው በኮብልስቶን የተነጠፉ ናቸው፤ ከከተማ ውጭ ያለው አስፋልት ደግሞ ጠጠሩ የፈጠጠበትና የተለጣጠፈበት ቦታ አለው። በጎማ ላይ ያለው የክር ውጥረት ከግፊቱና ከስፋቱ ብዜት ጋር ስለሚሄድ፣ በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ 100 ፒ.ኤስ.አይ. የሚፈጥረውን ጥንካሬ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ በ78 ፒ.ኤስ.አይ. ያገኛል። ለ80 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት በ28 ሚሊ ሜትር ጎማ 70፣ በ32 ሚሊ ሜትር ደግሞ 58 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ከክብደቱ 55 በመቶ ያህሉ በኋላው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ የፊቱ ጥቂት ይቀነስለታል። ገደቡን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ጋላቢው ሳይሆን ብስክሌቱ ነው፤ የቆዩ የቸርኬ ፍሬን ያላቸው ብስክሌቶች ከ25 ወይም ከ28 ሚሊ ሜትር በላይ አያስገቡም። እንዲህ ከሆነ የሚገባውን ትልቁን መምረጥ ይበጃል።

ከፍታ ሲወጣ ጎማ ይወጠራል የሚለው ስጋት አልፎ አልፎ ይሰማል። በጎንደር 80 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ 3,600 ሜትር ገደማ ወዳለው ጨነቅ ሲደርስ፣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ጨምሮ ያነባል። ይሁንና የአየሩ ሙቀት ከ25 ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ ቅዝቃዜው ከ6 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ይቀንሳል። በማለዳ ተራራ ላይ የሚገኘው ጎማ ረገበ እንጂ አልተወጠረም።

ባዛልት፣ ዝናብና ቁልቁለት

የሰሜን ተራሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ባዛልት ሲፈለጥ ጠርዙ ስለታም ይሆናል፤ በመንገድ ዳር የሚፈሰው ጠጠርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በደጋው የሚጠበቀው ጉዳት ከመበሳት ይልቅ መቆረጥ ነው፤ ከሊማሊሞ በታች ባለው ቆላ ግን የግራር እሾህ ይቀድማል። ለመቆረጥ የላስቲክ ውፍረት ብቻውን መልስ አይሆንም። ድርብ ክሩና የጎማው ጎን ጥንካሬ የበለጠ ይሠራሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት አደጋው ይጨምራል፤ ውኃ ስለቱን ስለሚያለሰልሰው ድንጋይ ወደ ላስቲክ በቀላሉ ይገባል። ከዝናብ ጉዞ በኋላ ጎማውን አይቶ የተሰካ ስብርባሪን በመርፌ ማውጣት ብዙ ብስ ያስቀራል።

በእርጥብ ኮብል ላይ የሚያንሸራትተው ግን የጎማው መስመር ማነስ አይደለም። ጠባብ የብስክሌት ጎማ በ80 ፒ.ኤስ.አይ. በውኃ ላይ ለመንሳፈፍ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የመኪና ጎማን የሚመስሉ ቦዮች በጎዳና ብስክሌት ላይ ጌጥ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚይዘው የላስቲኩ ቅይጥና የሚያርፍበት ስፋት ነው።

ሊማሊሞ የተለየ ጉዳይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገው ይህ ጠመዝማዛ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስጥላል። 80 ኪሎ ግራም 1,000 ሜትር ሲወርድ 785 ኪሎጁል ይለቀቃል። ከፊሉን አየሩ ይወስዳል፤ በቀርፋፋ ኩርባዎች ላይ ግን ትልቁ ድርሻ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ጎማውና ወደ ከመነዳሪው ይተላለፋል። ግፊቱ ይጨምራል፤ በማጣበቂያ የተለጠፈው ጥገና ይላላል፤ ቀጭን የላቴክስ ከመነዳሪ ደግሞ ከተራው ቡቲል ቀድሞ ይሰጣል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪውን ማዳን ያስቸግራል፤ ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ያለው ገደል ነው። ፍሬንን ያለማቋረጥ አንቆ ከመያዝ ይልቅ ከኩርባ በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ በመካከሉም ቆሞ ቸርኬውን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ጉዞ ያልተለጠፈ ቡቲል ከመነዳሪ በፊት ጎማ ውስጥ መኖር አለበት።

የሚገኘውና የማይገኘው

በ1949 ዓ.ም. መባቻ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ከተወዳደሩት ከነገረመው ደንቦባ ጀምሮ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ እስከሆነው እስከ ፅጋቡ ግርማይ ድረስ የአገሪቱ ብስክሌት ታሪክ ረጅም ነው። በባለሙያ ቡድን ውስጥ ላለ ጋላቢ ጎማ በስፖንሰር ይቀርባል። በጎንደር ያለ ወጣት ግን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ሰው ይለምናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የማንኛውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታይ ከብዷል። የቱብለስ ጎማ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ በሚደፍን ፈሳሽ የሚሠራው፣ በቴክኒክ ረገድ ለባዛልት ጠጠር ተስማሚ ነው። ነገር ግን ፈሳሹ በጥቂት ወራት ይደርቃል፤ መተኪያው ካልተገኘ ጥቅሙ ያከትማል። ማንኛውም ጎሚስታ ሊጠግነው የሚችለው ከመነዳሪ ለአሁኑ የተሻለ ነው።

አንድ ጥንድ ጎማ ሲገኝ ዕድሜውን ማራዘም የሚቻለው በአቀያየር ነው። የኋላው ጎማ ክብደትም ግፊያም ስለሚሸከም ቀድሞ ያልቃል። ብዙዎች ያለቀውን ወደ ፊት አምጥተው ደህናውን ወደ ኋላ ይወስዳሉ፤ ይህ ላስቲክ ይቆጥባል፣ አንገትን ግን ለአደጋ ይሰጣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ያለቀውን የኋላ ጎማ መጣል፣ የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር፣ አዲሱን ፊት ላይ ማሰር ነው። ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ የቆየ ጎማም መፈተሽ ይገባዋል። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በሱቅ ደጅ የተንጠለጠለ ጎማ በደጋ ቶሎ ይሰነጠቃል። ጎኑን አጥፎ ማየት በቂ ፍተሻ ነው።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ቁጥር ማንበብ ነው። በገበያ 28 የሚባለው የጎማ መጠሪያ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቸርኬዎችን ያመለክታል፤ የአሁኑ የጎዳና ብስክሌት 622 ሚሊ ሜትር፣ የቀድሞው ባለ ከባድ ብረት ብስክሌት ደግሞ 635 ሚሊ ሜትር ነው። 27 የሚባለው አሮጌ የጎዳና ብስክሌት 630 ነው። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይለይም፤ ጎማው ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ በግፊት ይዘላል። ከሩቅ የሚታዘዝ ጎማ በጎኑ 28-622 የሚል ጽሕፈት እንዳለው፣ ብስክሌቱ ላይ ያለው አሮጌ ጎማም ያንኑ የመጨረሻ ቁጥር እንደያዘ፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት በፎቶግራፍ መረጋገጥ አለበት።