ከራስጌው በላይ ራስጌ

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አለቃዬ የሪፖርቱን ሠንጠረዥ መለሱብኝ። «2003 ዓ.ም.» የሚለው በሦስቱ ዓምዶች ላይ፣ «2008 ዓ.ም.» የሚለው ደግሞ በቀሩት ሦስት ላይ ይዘርጋ ይላሉ። ኤክሴል ላይ መርጅ አድርጌ ብገላገልስ?

ጋሼ፦ ለአንድ ጊዜ ከሆነ ተገላገይ፣ አልቆጣሽም። ቁጥሩ ታርሞ በመጣ ቁጥር ግን እንደገና መርጅ ልታደርጊ ነው። ያንኑ ፋይል ወደምትሠሪበት ፕሮግራም፣ ወደ አር፣ መልሰሽ ያስገባሽው ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መርጅ የተደረገ ሴል ጽሑፉን የሚይዘው በግራ ጫፍ ባለው ሴል ብቻ ስለሆነ የቀሩት ባዶ ሆነው ይነበባሉ። ዳታው አንድ ረድፍ ራስጌ ይብቃው። ሁለተኛው ረድፍ ለአንባቢ ነው፤ ሠንጠረዡ ሲወጣ በኮድ ይጨመራል። ለመሆኑ ምን ይዘሻል?

ወጣቷ፦ የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት። የመጀመሪያው ዓምድ መለኪያው ነው፤ ከዚያ ከተማ፣ ገጠር፣ ጠቅላላ ለ2003፤ እንደገና ከተማ፣ ገጠር፣ ጠቅላላ ለ2008።

ጋሼ፦ ሰባት ዓምድ። ሠንጠረዡን ኬብል በሚባለው የአር ትእዛዝ ከሠራሽው፣ ኬብል ኤክስትራ የሚባለው ፓኬጅ «አድ ሄደር አባቭ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ሦስቱ ቃላት በአንደርስኮር ይያያዛሉ። የምትሰጪው ስምና ቁጥር ነው፦ ባዶ ስም እኩል ይሆናል 1፣ «2003 ዓ.ም.» እኩል ይሆናል 3፣ «2008 ዓ.ም.» እኩል ይሆናል 3። ቁጥሩ ራስጌው ስንት ዓምድ እንደሚሸፍን ይናገራል። በኤችቲኤምኤል ኮልስፓን ሆኖ ይወጣል፣ በላቴክ መልቲኮለምን።

ወጣቷ፦ ሞክሬው ነበር እኮ! ለባዶው ስም ጥቅሶቹን አጣብቄ ስጽፍ ኤረር ሰጠኝ።

ጋሼ፦ አር ምንም የሌለበትን ስም አይቀበልማ። በጥቅሶቹ መካከል አንድ ስፔስ ተዪ። ከዚያም በላይ ሌላ ረድፍ ካሻሽ ትእዛዙን ድገሚው፤ አዲሱ ከላይ ይቀመጣል።

ወጣቷ፦ ድምሩ 7 ባይመጣስ?

ጋሼ፦ እሱስ ደግ ነው፤ ራስጌው ይህን ያህል ዓምድ አለው፣ ሠንጠረዡ ግን ያን ያህል ነው ብሎ ያስቆምሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ድምሩ ልክ ሆኖ ትርጉሙ ሲሳሳት ነው። የጥናቱን ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔ ታስታውሺዋለሽ?

ወጣቷ፦ በ2003 ዓ.ም. 4.8፣ በ2008 ዓ.ም. 4.6።

ጋሼ፦ ገጠሩ ከ5.5 ወደ 5.2፣ ከተማው ከ2.6 ወደ 2.3 ወርዷል። እንግዲህ አንድ ባልደረባሽ አዲሱ ዓመት ይቅደም ብሎ ዓምዶቹን ገለበጣቸው እንበል። የአንቺ ራስጌ አሁንም 1፣ 3፣ 3 ነው፤ ድምሩም 7። ኤረር የለም። ሠንጠረዡ ግን ወሊድ ከ4.6 ወደ 4.8 ጨመረ ይላል። የታክሲ ረዳት ወንበሩ መሙላቱን ይቆጥራል እንጂ ማን የት እንደሚወርድ አይጠይቅም፤ ይህም ትእዛዝ እንደዚያው ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ደግሞ አራሚ አያገኘውም፤ ሠንጠረዡ ያምራልና።

ወጣቷ፦ ታዲያ ቁጥሩን በእጄ አልጻፍ?

ጋሼ፦ አትጻፊ። ለዓምዶቹ ዳታው ውስጥ ሙሉ ስም ስጫቸው፤ ዓመቱ፣ አንደርስኮር፣ ከዚያ «ከተማ»፣ «ገጠር» ወይም «ጠቅላላ»። ከአንደርስኮሩ በፊት ያለውን ቆርጠሽ አውጪና አርኤልኢ ለሚባለው የአር ፋንክሽን ስጪው። ተከታትለው የመጡ ተመሳሳይ ስሞችን ቆጥሮ፣ የቱ ስም ስንት ጊዜ እንደተከታተለ ይመልስልሻል። ራስጌሽ ያው ነው። የመለኪያውን ዓምድ ስም ብቻ በስፔስ ተኪው። ዓምዶቹ ሲገለበጡ ራስጌውም አብሮ ይገለበጣል። ከታች የሚታየውን አጭር ስም ደግሞ ኬብል ራሱ «ኮል ኔምስ» በሚለው በኩል ይቀበላል፤ ዳታውን መንካት አያስፈልግም።

ወጣቷ፦ ይህን ሁሉ ከማድረግ ሌላ ፓኬጅ የለም?

ጋሼ፦ አለ እንጂ። ጂቲ የሚባለው አለ፤ እኔ አዲስ ሥራ ስጀምር የምመርጠው እሱን ነው። «ታብ ስፓነር» የሚለው ትእዛዙ ዓምዶቹን በስማቸው ይጠራል፣ አይቆጥርም። ስሞቹን ቅድም ባልኩሽ መንገድ ካወጣሻቸው ደግሞ «ታብ ስፓነር ዴሊም» አንደርስኮሩን አይቶ ሁሉንም ራሱ ይከፋፍለዋል። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ወጣቷ፦ አለቃዬ የሚፈልጉት ግን በወርድ ነው።

ጋሼ፦ ይህን መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር? ኬብል ኤክስትራ ለኤችቲኤምኤልና ለላቴክ የተሠራ ነው፤ ወርድ ላይ አትድከሚበት። ለወርድ ፍሌክስቴብል የሚባለውን ፓኬጅ ውሰጂ። ትእዛዙ «አድ ሄደር ሮው» ነው፤ ስሞቹን ለብቻ፣ የሚሸፍኑትን የዓምድ ብዛት ለብቻ ይጠይቅሻል። ሁለቱንም አርኤልኢ ሰጥቶሻል፤ እሱኑ አስገቢ። በነገራችን ላይ «ዓ.ም.» የሚለውን ከራስጌው እንዳታወጪ። የእንግሊዝኛው ሪፖርት 2011 እና 2016 ነው የሚለው፤ ሁለቱን አቆጣጠር ያለ ምልክት የሚቀላቅል ሠንጠረዥ ስንት ስብሰባ እንዳበላሸ አይቻለሁ።

ወጣቷ፦ ለራሴ በፒዲኤፍ ሳወጣውስ? አማርኛው እምቢ አለኝ።

ጋሼ፦ ሪፖርቱን ከኮድሽ የሚያዘጋጀው አር ማርክዳውን ካልነገርሽው በቀር ፒዲኤፍ የሚያወጣው በፒዲኤፍላቴክ ነው፤ እሱ ደግሞ የግእዝ ፊደል ሲያይ ይቆማል። ሞተሩን ወደ ዚላቴክ ቀይሪ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት ካልሰጠሽው ኤረር ሳያሳይ ፊደላቱን ይውጣቸዋል፣ ራስጌሽም ባዶ ይወጣል። «ሜይን ፎንት» በሚለው ቦታ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ጻፊ፤ ነጻ ነው፣ የላቲን ፊደልና ቁጥርም ስላለው ሠንጠረዡን ሌላ ፎንት ሳትጨምሪ ትጨርሽበታለሽ። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ደግሞ አርሽ 4.2 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ከዚያ ስሪት በፊት በነበሩት ላይ የአማርኛ ራስጌ ብዙ ጊዜ በቅንፍ የታጠረ የዩኒኮድ ቁጥር ሆኖ ይመጣል።