የገጠሩ ኢኮኖሚ ለአገር ዕድገት ያለው ድርሻ፤ ከጎተራ እስከ ገበያ

የትምህርቱ ዓላማ፦ የገጠሩ ኢኮኖሚ ለአገር ዕድገት በምን በምን መንገድ አስተዋጽኦ እንደሚያደርግ መረዳት፣ ይህ አስተዋጽኦ የት ላይ እንደሚባክን መለየት፣ በአጥቢያና በቀበሌ ደረጃ ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎችን ማመልከት።

መግቢያ

ስለ አገር ዕድገት ሲነገር ቀድሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የከተማ ሕንፃ፣ ፋብሪካና ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። ገጠሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እንደ ተረጂ ነው። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት፣ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝባችን 84 በመቶ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞች ቢሰፉም፣ ዛሬም ብዙኃኑ ኑሮውን የመሠረተው በእርሻና በከብት ላይ ነው። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው ገጠሩን እንዴት እንርዳ የሚለው ብቻ አይደለም። ገጠሩ ለአገር ምን ይሰጣል? ካመረተውስ ምን ያህሉ በእጁ ይቀራል? የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

1. አምስቱ የአስተዋጽኦ መንገዶች

ብሩስ ጆንስተንና ጆን ሜለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት፣ ግብርና ለአገር ዕድገት የሚያበረክተውን በአምስት ከፍለው አሳይተዋል። ይህንኑ ክፍፍል በአገራችን ሁኔታ እንመልከተው።

የመጀመሪያው ምግብ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ በቆሎውና ጥራጥሬው በበቂ መጠን ወደ ከተማ ካልገባ የኑሮ ውድነት ይከተላል፤ የሠራተኛው ደመወዝም ከምግብ አያልፍም።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከጅማ፣ ከሲዳማና ከይርጋጨፌ የሚመጣው ቡና፣ ከሑመራና ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ ወደ ውጭ ተልኮ ነዳጅ፣ መድኃኒትና የፋብሪካ መለዋወጫ የሚገዛበትን ገንዘብ ያስገኛል። ቡናው በአብዛኛው የሚመረተው በአነስተኛ አርሶ አደሮች ማሳና ጓሮ ነው።

ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው። በከተማ ግንባታና ፋብሪካ የሚሠራው ወጣት ብዙ ጊዜ ለሥራ እስኪደርስ ድረስ ያሳደገው የገጠር ቤተሰብ ነው። ይህ ወጪ በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

አራተኛው ካፒታል ነው። የገጠሩ ግብርና ቁጠባ ለሌሎች ዘርፎች መንቀሳቀሻ ይሆናል።

አምስተኛው ገበያ ነው። አርሶ አደሩ ከምርቱ ጥሬ ገንዘብ ሲተርፈው ቆርቆሮ፣ ጫማ፣ ሳሙና፣ ደብተርና የእርሻ መሣሪያ ይገዛል። የከተማው ፋብሪካ ምርቱን የሚገዛለት ካላገኘ ሠራተኛ ሊቀጥር አይችልም። ስለዚህ የገጠሩ ኪስ ባዶ ሲሆን የሚጎዳው ገጠሩ ብቻ አይደለም።

2. አስተዋጽኦው የት ላይ ይባክናል?

ከአምስቱ ይበልጥ የሚዘነጋው ይህ የመጨረሻው ነው። ምርት ጨመረ ማለት የአርሶ አደሩ ገቢ ጨመረ ማለት አይደለም። ለዚህም ዋነኛ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የሽያጭ ጊዜ ነው።

በታኅሣሥና በጥር እህል ከአውድማ ሲገባ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብርና ልዩ ልዩ መዋጮ ይደርሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ደግሞ ያው አርሶ አደር ሸማች ሆኖ ወደ ገበያ ይወጣል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ አባወራ ለዕዳው ሲል ለቤተሰቡ ቀለብ የሚያስፈልገውን ሁለት ኩንታል ስንዴ በጥር ሸጠ እንበል። በሐምሌ ዋጋው በግማሽ ጨምሮ ቢያገኘው፣ ያንኑ ሁለት ኩንታል መልሶ ለመግዛት በጥር የሦስት ኩንታል ዋጋ የነበረውን ገንዘብ ማውጣት አለበት። ማሳው አልከዳውም፤ ዝናሙም አልቀረም። የአንድ ኩንታል ዋጋ ግን ከእጁ ወጥቷል። ምናልባትም ልዩነቱን ለመሙላት በግ ሸጧል፤ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድሯል። ይህ በአንድ ቀበሌ ባሉ ብዙ ቤቶች በየዓመቱ ሲደጋገም፣ ሳይገዛ የቀረው ቆርቆሮና ደብተር ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ብክነት በጎተራ ውስጥ የሚደርሰው ነው። ነቀዝና አይጥ የሚያጠፉት እህል አርሶ አደሩን በኪሳራ ላይ ኪሳራ ከመጨመራቸውም በላይ፣ “ከሚበላሽ ልሽጠው” እንዲል ያስገድዱታል።

3. ምን ማድረግ ይቻላል?

ማከማቻን ማሻሻል፦ አየር የማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት ያለ ኬሚካል እህልን ከነቀዝ ይጠብቃል። በሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች ታሽጎ አየር ሲያጥረው ነቀዙ መብላቱንና መራባቱን ያቆማል፤ ይሞታልም። እህሉ ግን አስቀድሞ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ሁለቱ ፕላስቲኮች ለየብቻ ተጠምዝዘው ይታሰሩ፤ ቀዳዳ እንዳይኖራቸውም ይፈተሹ።

ቁጠባና ብድር፦ ጎተራ ብቻውን የጥርን ዕዳ አይከፍልም። በእቁብ፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር የተለመደው መተማመን ለቁጠባና ብድር ቡድን ጥሩ መሠረት ነው። ሴቶች በቡድኑ ውስጥ ድምፅና ኃላፊነት ሊኖራቸው ይገባል፤ ቀለቡ ስንት ወር እንደሚያደርስ ጠንቅቃ የምታውቀው እማወራዋ ናትና።

በኅብረት መሸጥ፦ በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ በማቅረብ፣ ተራ ገበሬ በማኅበሩ አማካይነት እስከ ዓለም ገበያ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። እህልንም በጋራ መዝኖ፣ አበጥሮና ለይቶ ማቅረብ የመደራደር አቅምን ያሳድጋል።

ወቅትን አስቦ ማቀድ፦ በ55 ቀኑ ዓቢይ ጾም የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ የምስር፣ የአተር፣ የባቄላና የዘይት ፈላጊ ይጨምራል። ወተት አምራቹ ቅቤ አንጥሮ ለፋሲካ ቢያቆይ፣ ጥራጥሬ አምራቹም ከፊሉን ለጾሙ ቢያስቀምጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ማስጠንቀቂያም ያስፈልጋል። እህልን ማቆየት ሁልጊዜ ትርፍ አያመጣም፤ ዋጋ ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠበቀው የቤተሰቡ ቀለብ ነው፤ ለገበያ የሚሆነውን ግን ከፋፍሎ በተለያየ ጊዜ መሸጥ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ገጠሩ አገርን የሚያሳድገው በሚያመርተው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ካመረተው በእጁ በሚቀረው መጠንም ነው። የልማት ሠራተኛም የሥራውን ውጤት ሲመዝን በሔክታር የተገኘውን ኩንታል ብቻ ሳይሆን፣ በሐምሌ በጎተራ የተገኘውንም ሊቆጥር ይገባዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ በጥርና በሐምሌ የእህል ዋጋ ልዩነት ምን ያህል ነው? የሦስት ዓመቱን አነጻጽሩ።
2. ከአጥቢያችሁ ቤተሰቦች ምን ያህሉ የሸጡትን እህል መልሰው ይገዛሉ?
3. በጥር የሚደርሱት ዕዳዎች የትኞቹ ናቸው? በምክክር የመክፈያ ጊዜያቸው ሊሸጋገር የሚችለውስ የትኛው ነው?