የእግዚአብሔርን ጊዜ ስለ መጠበቅ

መናኸሪያ መንገደኞች የሚሰበሰቡበት፥ መኪኖችም ተራቸውን ጠብቀው የሚነሡበት ስፍራ ነው። በሐዋሳ ከተማ ያለው መናኸሪያ ከማለዳ ጀምሮ በሰው የተሞላ ነው። አንዱ ወደ ሻሸመኔ፥ አንዱ ወደ ዲላ፥ አንዱ ወደ ወላይታ ሶዶ፥ ሌላውም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እናት የታመመ ልጅዋን አዝላ ወደ ሐኪም ትወስዳለች፤ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ ነጋዴ ጭነቱን ያስጭናል። ሁሉም ይቸኩላሉ። ነገር ግን መኪናው ተራው ሳይደርስና ሰው ሳይሞላ አይነሣም።

በዚያ የሚጠብቁት ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ፊተኛው ያጉረመርማል፤ ከረዳቱ ጋር ይጣላል፤ ተቈጥቶም ወጥቶ ይሄዳል፤ መኪናው ሲነሣ እርሱ በስፍራው አይገኝም። ሁለተኛው እጁን አጣጥፎ ይተኛል፤ የሚሄድበት አገር ስም ሲጠራም አይሰማም። ሦስተኛው ግን ዕቃውን አስሮ፥ ትኬቱን በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ ለሽማግሌው ስፍራ ይለቃል፤ የእናቲቱን ጓዝ ያነሣላታል፤ ጆሮውንም ወደ ጥሪው ያዘነብላል። ሦስቱም የጠበቁት ሰዓት አንድ ነው፤ አጠባበቃቸው ግን አንድ አይደለም።

በመከራ ጊዜ እግዚአብሔርን የሚጠብቅ ሰው ሦስተኛውን ሊመስል ይገባል። ነገር ግን የእርሱ ጥበቃ ከመንገደኛው ጥበቃ ይልቅ ይከብዳል። መኪና መጠበቅ በሰዓት ይቈጠራል፤ መከራ ግን አንዳንድ ጊዜ በዓመት ይቈጠራል። መኪናው ሲሞላ ሰው በዓይኑ ያያል፤ የእግዚአብሔርን ሰዓት ግን ማንም አያይም። ስለዚህ እምነት ያስፈልጋል።

ቅዱስ መጽሐፍ የዮሴፍን ነገር ይናገራል። ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ወንድሞቹ ጠልተውት ለነጋዴዎች ሸጡት። በግብፅ አገርም በሐሰት ተከሶ ታሰረ። በእስር ቤት ሳለ የንጉሡን የጠጅ አሳላፊ ሕልም ፈታለት፤ ከእስር በወጣ ጊዜም እንዲያስበው ለመነው። አሳላፊው ግን ረሳው። ዮሴፍም ሌላ ሁለት ዓመት በእስር ቤት ቈየ። በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ ዕድሜው 30 ዓመት ነበረ።

ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ 13 ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዮሴፍ የሚፈታበትን ቀን አላወቀም፤ በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ ግን ያውቅ ነበር። በጌታው ቤት በታማኝነት አገለገለ፤ በእስር ቤትም ለሌሎች እስረኞች አሰበ። በኋላ በረሃብ ዘመን ሕዝብን ለመመገብ የተሾመው ሰው ታማኝነትን የተማረው በጨለማው ዘመን ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የሆነው በጥንት ዘመን በግብፅ ብቻ አይደለም። ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ወላይታ ሶዶ ይደርሳል። ሐዋሳ የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ አስቀድሞ፥ የሐዋሳ ከተማና መናኸሪያዋ ገና ሳይኖሩ፥ በሶዶ ዙሪያ በነበሩ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ላይ ታላቅ ፈተና ደርሶ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው ማኅበር መልእክተኞች ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወረዱ። መሪያቸው ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ነበረ። አስቀድመው ያሰቡት ወደ ጅማ ለመሄድ ነበረ፤ ነገር ግን መንገዳቸው ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ ሆነ። በወላይታም 9 ዓመት ያህል ወንጌልን ሰበኩ፤ በሽተኞችን አከሙ፤ ልጆችን አስተማሩ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በዚያ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ መልእክተኞቹ ሶዶን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ሲለዩ ለእነዚያ ጥቂት አማኞች ትተውላቸው የሄዱት ብዙ አልነበረም። በወላይትኛ የተተረጐመው የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል ጥቂት ነበረ፤ ማንበብ የሚችሉትም ሰዎች ጥቂት ነበሩ። በሰው ዓይን ሲታይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

ከዚያም መከራው በረታ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፤ ተገረፉም። ከእነርሱ አንዱ ዋንዳሮ የሚባለው ሰው ነበረ። ዋንዳሮ በሕዝብ ፊት ክፉኛ ተገረፈ፤ ወደ እስር ቤትም ተጣለ፤ ነገር ግን በዚያ ሆኖ ስለ ክርስቶስ መናገርን አልተወም። ከታሰሩትና ከተገረፉት መካከል የሞቱም ነበሩ።

እነዚህ ክርስቲያኖች ነጻነት በ1933 ዓ.ም. እንደሚመጣ አላወቁም። ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ከሰማይ አልወረደላቸውም። ቢሆንም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የጸሎት ቤታቸው ቢፈርስ በየቤቱ በስውር ተሰበሰቡ። ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ አመላለሱ፤ ከዚያም ምግብ ሌሎች እስረኞች ተካፈሉ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበ፤ የሰማውም ለጎረቤቱ ተናገረ። ያልታመኑ ሰዎችም ይህን ፍቅር አይተው ተደነቁ፤ ብዙዎችም ወደ እነርሱ ተጨመሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚህም በኋላ መልእክተኞቹ እንደ ገና ወደ ወላይታ መጡ። የጠፋ መንጋ እናገኛለን ብለው ቢፈሩ አያስደንቅም ነበር። ነገር ግን ያገኙት 10,000 ያህል አማኞችና 100 የሚያህሉ ማኅበሮችን ነው። እሳቱ ጠፋ በተባለበት ዘመን በአመዱ ሥር ፍሙ ይቀጣጠል ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ነገሩን በስሕተት እንዳያስተውል ይጠንቀቅ። ግርፋቱ መልካም ነበረ አይባልም። ንጹሕ ሰውን የሚያስርና የሚገርፍ በእግዚአብሔር ፊት በደለኛ ነው። የዮሴፍ ወንድሞችም ያደረጉት ክፉ ነበረ፤ እግዚአብሔር ግን ከክፉ ሥራቸው በላይ የበረታ ሆኖ ተገኘ።

ደግሞ የጠበቀ ሰው ሁሉ የጠበቀውን ነገር በዓይኑ ያያል አይባልም። በዚያ መከራ የሞቱት አማኞች የነጻነትን ቀን አላዩም፤ የጸሎት ቤቶቹም ሲታነጹ በዚያ አልነበሩም። እነርሱ የዘሩትን ሌሎች አጨዱት። ይህ እጅግ ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ጊዜ በአንድ ሰው ዕድሜ አያልቅም፤ በእርሱ ታምኖ የሞተ ሰውም በእርሱ ዘንድ አይረሳም።

በሲዳማና በወላይታ ያሉ ልጆች እንሰትን ያውቃሉ። እንሰት የተከለ ሰው ቆጮውን ለመብላት ብዙ ዓመት ይጠብቃል። አድጎ እንደ ሆነ ለማየት በየሳምንቱ ሥሩን የሚቈፍር ቢኖር ተክሉን ይገድለዋል። ብልህ ገበሬ ግን ይኰተኵተዋል፤ ፍግ ያደርግበታል፤ አጥር ያጥርለታል፤ ማሳደጉን ለእግዚአብሔር ይተዋል። የአበውም ምሳሌ፥ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፥ ይላል።

እንግዲህ እግዚአብሔርን መጠበቅ ማለት ሥራን መተው አይደለም። የታመመ ሰው እየጸለየ ወደ ሐኪም ይሂድ። ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ዘሩን ያዘጋጅ፤ ሞፈሩንም ያብጅ። በፈተና የወደቀ ተማሪ መጽሐፉን እንደ ገና ይክፈት። የተራበ ጎረቤት ያለውም ሰው፥ እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጠዋል፥ ብሎ አይለፈው። እግዚአብሔር ለዚያ ለተራበው ያዘጋጀው ጊዜ ዛሬ፥ ያዘጋጀውም እንጀራ በዚህ ሰው መሶብ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ልጆች ሆይ፥ መከራ ሲዘገይ ልብ ይደክማል፤ ማልቀስም ኃጢአት አይደለም። ኀዘናችሁን በጸሎት ለእግዚአብሔር ንገሩት። ሰዓቱን ለእርሱ ተዉለት፤ የዛሬውን ሥራ ግን ለነገ አትተዉት።

ጥያቄ

1. በመናኸሪያው የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች በምን ይለያያሉ?
2. ዮሴፍ በተሸጠ ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበረ? በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜስ?
3. መልእክተኞቹ ከሶዶ ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት ስንት ነበሩ? ሲመለሱስ ስንት ያህል አማኞች አገኙ?
4. የወላይታ ክርስቲያኖች በመከራው ዘመን ምን ምን ሠሩ?
5. የነጻነትን ቀን ሳያዩ ስለ ሞቱት ትምህርቱ ምን ይላል?
6. በዚህ ሳምንት ለተቸገረ ጎረቤት ልታደርጉ የምትችሉትን አንድ ነገር ጻፉ።