ያልነበረውን የሚጽፉ ሰዎች

ለዛሬ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ አስፈሪ ታሪክ፣ ምናባዊ ታሪክና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስለሚጽፉ ደራሲዎች ነው። የመጽሐፎቻቸውን ታሪክ ልተርክላችሁ አይደለም። የት ቁጭ ብለው ጻፉ? ሐሳቡን ከየት አመጡት? ስንት ጊዜ ጽፈው ጣሉት? እነሱ ራሳቸው ስለዚህ ብዙ ተናግረዋል።

ይህንን ለማጥናት የተነሣሁት በራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን የተነበበውን የዋሻውን ጭራቅ ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሰው የሚበላ ጭራቅ አስገብቼ፣ አራት ሰው አስበልቼ ነበር። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ጆሮዬ ሁሉ ሞቀ። አንድ የክፍላችን ልጅ ግን ደወል ሲደወል መጣና «አያቴ እኮ እዚያ ሄደው ዱዓ ያደርጋሉ። አንተ ሄደህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አልሄድኩም። ጎሮ ተወልጄ፣ እንግዶች በከተማችን አልፈው ወደ ሶፍ ዑመር ሲሄዱ መንገድ ዳር ቆሜ እያየሁ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም። «ምናባዊ ነው እኮ!» ልለው ፈልጌ ነበር፣ ግን አፌ ላይ ቀረ። ማታ ስተኛ ግን ጥያቄው አልተወኝም። ነገሩ የፈጠራ ከሆነ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል ማለት ነው? ወይስ ፈጠራም ማወቅን ይፈልጋል?

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው ማለት ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው እሱ ነው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ደግሞ ደራሲው ከሳይንስ ተነሥቶ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጽፈው ነው። አስፈሪ ታሪክን መግለጽ አያስፈልገኝም፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልሂድ። ከሁሉም የገረመችኝ ሜሪ ሼሊ ናት። እንግሊዛዊት ስትሆን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው። በ1816 ክረምት፣ ገና 18 ዓመቷ ሳለ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ነበረች። የእነሱ ክረምት ፀሐይ የሚወጣበት ወቅት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ዝናብና ብርድ ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1815፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። የረጨው ነገር ሰማይ ላይ ተበትኖ የፀሐይን ሙቀት ስለቀነሰ በአውሮፓ ሰብል ሳይደርስ ቀረ። (የባሌ ልጅ ስንዴ ሳይደርስ ብርድ ሲመታው ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ ይህን አላብራራም።)

ከቤት መውጣት ስላልቻሉ ገጣሚው ሎርድ ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሜሪ ግን ምንም አልመጣላትም። በየጠዋቱ «ታሪክ አገኘሽ?» እያሉ ይጠይቋት እንደነበርና አፍራ አላገኘሁም ትል እንደነበር ራሷ ከ15 ዓመት በኋላ ጽፋዋለች። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም እኔም ነጭ ወረቀት ላይ አፍጥጬ የምቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ አንድ ማታ ጓደኞቿ ስለ ሳይንስ ሲያወሩ ታዳምጣለች። በዚያ ዘመን ሰዎች በሞተ እንቁራሪት እግር ላይ ኤሌክትሪክ ሲያደርጉ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይተው ነበር። ታዲያ የሞተን ነገር መልሶ ማንቀሳቀስ ይቻላል ወይ ብለው ይከራከሩ ነበር። ሜሪ ተኝታ እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ አንድ ተማሪ ገጣጥሞ በሠራው ፍጡር አጠገብ ተንበርክኮ፣ ፍጡሩም ሲንቀሳቀስ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። «ፍራንከንስታይን» የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1818 ሲታተም ስሟ አልተጻፈበትም ነበር። አንድ ነገር ላርማችሁ፦ ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፣ የሠሪው ስም ነው። ጭራቁ ስም የለውም።

ግን ያስደነገጠኝ ይህ አይደለም። ሜሪ ይህን ከመጻፏ ከአንድ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇ ገና ጨቅላ ሳለች ሞታባት ነበር። ሕፃኗ በእሳት አጠገብ ስትታሽ ነፍስ ስትዘራ በሕልሟ አይታ፣ ነቅታ ግን እንዳጣቻት በማስታወሻዋ ጽፋለች። ስለዚህ የሞተው ሲነሣ የሚለው ነገር ለእሷ ጨዋታ አልነበረም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጭራቁን ስፈራው እያዘንኩለትም ነው።

ሁለተኛዋ ኦክታቪያ በትለር ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወለደች። ጥቁር ናት፤ እናቷ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ፣ አባቷ ደግሞ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው የሞቱት። ዓይን አፋር ነበረች፣ ንባብም ፊደል እየተምታታባት ይከብዳት ነበር። በ12 ዓመቷ ከማርስ ስለመጣች ሴት የሚያወራ ፊልም በቴሌቪዥን አየችና «ይህማ በጣም መጥፎ ነው፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መጻፍ እችላለሁ» አለች። ቴሌቪዥኑን አጥፍታ መጻፍ ጀመረች። በ12 ዓመት! ከእኔ በአንድ ዓመት ታንሳለች ማለት ነው። አክስቷ ጥቁር ሰው ደራሲ መሆን አይችልም አሏት። ልጅቷ ግን አልሰማችም።

ስታድግም ሀብታም አልሆነችም። ዕቃ አጥባለች፣ በስልክ ዕቃ ሸጣለች፣ ፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ ጥሩውን ከመጥፎው እየለየች ሠርታለች። ሥራው ቀኑን ስለሚበላባት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥታ ትጽፍ ነበር። በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት የሚነቃው ጅብና ውሻ ነው። በ1979 የታተመው «ኪንድረድ» የሚባለው መጽሐፏ አንዲት ጥቁር ሴት በድንገት ወደ ባርነት ዘመን ስትወሰድ ያሳያል። በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ መሄድ ፈጠራ ነው። ባርነቱ ግን እውነት ነው፤ ስለ እሱም ብዙ አንብባ፣ ቦታው ድረስ ሄዳ አጥንታ ነው የጻፈችው። «ቦታው ድረስ ሄዳ» የሚለው ጋ ስደርስ የጓደኛዬ ጥያቄ ትዝ አለኝና ደብተሬን ዘጋሁት።

እስቴፈን ኪንግ ደግሞ አስፈሪ ታሪክ በመጻፍ በዓለም የታወቀ አሜሪካዊ ነው። ልጅ ሆኖ ታሪኮቹን ለመጽሔቶች ይልክ ነበር፤ «አንቀበልም» የሚል ወረቀት ሲመጣለት ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር ይሰካዋል። 14 ዓመት ሲሆነው ወረቀቱ በዝቶ ምስማሩ መሸከም አቃተው። ምን አደረገ? ትልቅ ምስማር መታና መጻፉን ቀጠለ። (እኔ አንድ ጽሑፍ አልወጣልኝም ብዬ ሁለት ሳምንት ከክበቡ ቀርቼ ነበር። ይቅርታ፣ የክበባችን ተጠሪ።)

ካደገ በኋላ መምህር ሆነ። ደሞዙ ስለማይበቃው በእረፍት ወራት ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ጠባብ ቤታቸው ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ የባለቤቱን የጽሕፈት መኪና ይዞ ይጽፋል። አንድ ቀን ጓደኞቿ ስለሚያላግጡባትና ዕቃን በሐሳቧ ብቻ ማንቀሳቀስ ስለምትችል ተማሪ ጥቂት ገጽ ጻፈና አልጣመውም። ስለ ሴት ልጆች ኑሮ ምን አውቃለሁ ብሎ ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ባለቤቱ ታቢታ ወረቀቱን አውጥታ፣ አመዱን አራግፋ አነበበችው። ቀጥል፣ የማታውቀውን እኔ እነግርሃለሁ አለችው። እሱም በልጅነቱ አብረውት ተምረው ሲላገጥባቸው ያያቸውን ሁለት ልጆች እያስታወሰ ጨረሰው። መጽሐፉ «ካሪ» ይባላል፣ በ1974 ታተመ፤ እሱም በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ማስተማሩን ተወ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። የማያውቀውን አላውቅም አለ። የምታውቀውንም ጠየቀ። እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም ነበር።

ስለ መምህራን ካነሣን አይቀር፣ «ዘ ሆቢት» የተባለውን ምናባዊ መጽሐፍ የጻፈው ቶልኪንም መምህር ነበር። ፈተና ሲያርም አንድ ተማሪ ባዶ የተወው ገጽ አገኘና የመጽሐፉን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ጻፈ። ውድ መምህሮቻችን፣ የእኔ የሒሳብ ወረቀት ላይ ባዶ ገጽ አይጠፋም። ናይጄሪያዊ ቤተሰብ ያላት ኔዲ ኦኮራፎር ደግሞ ስፖርተኛ ነበረች። በ19 ዓመቷ ጀርባዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እግሯ አልታዘዝ ሲላት፣ ሆስፒታል ተኝታ በያዘችው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ በፊት ደራሲ የመሆን ሐሳብ አልነበራትም።

አገራችን ውስጥስ? የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ታላላቆቻችን ያውቁታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» የሚባሉ ተከታዮችም አሉት። በቤታችን ያለው ሽፋኑ የለም፣ ብዙ ሰው ተውሶት። ጣና ሐይቅና ገዳማት፣ ስለላና የጠፈር ሳይንስ አንድ ላይ ናቸው። በውስጡ ሻጊዝ የሚባል ትልቅ የጠፈር ሳይንቲስት አለ። ብዙ አንባቢ እሱን ሲያነብ ቦንጋ ተወልደው በአሜሪካው ናሳ የሠሩትን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስታውሳል። ስለዚህ መንኮራኩሩ የፈጠራ ቢሆንም፣ ኢትዮጵያዊ መንኮራኩር መሥራት ላይ መሰለፉ ግን የሆነ ነገር ነው። ለእኔ መጽሐፉ የጣመኝ ለዚህ ነው። ጣናም የሚታወቅ ሐይቅ ነው፣ ከካርታ ላይ ዝም ብሎ የተለቀመ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ያን ልጅ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም አልተኮራም፣ ቅዳሜ ቤታቸው ወሰደኝ። አያቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ታሪኬን ሰምተው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳቁና «ጭራቅህ ከየት ገባ? በየትኛው በር?» አሉኝ። እኔ ዋሻው ብዙ በር እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ነገሩኝ። ዋሻው የተሰየመው እዚያ ይጸልዩ በነበሩት በሼህ ሶፍ ዑመር ነው። የዌብ ወንዝ በአንድ በኩል ተራራው ሥር ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ዋሻውን የቦረቦረው እሱ ነው። (የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችን እንዳሉት ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ርዝመቱም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከአገራችን ዋሻዎች ሁሉ ይበልጣል።) ውስጡ ሰው እንደ ቤት ምሰሶ ያቆማቸው የሚመስሉ ዓምዶች አሉ። የሌሊት ወፍ አለ። ወንዙ የማይታይበት ቦታ ላይ እንኳ ድምፁ ይሰማል፣ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ይህን ሲሉ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ከጭራቄ ይልቅ ይህ ያስፈራል።

«እዚያ ሰው ተበላ ብለህ ብትጽፍ እኔን አይከፋኝም» አሉ አያቱ። «ግን እዚያ የሚጸልየው ሰው ታሪክህ ውስጥ የለም። እሱን ለምን አስቀረኸው?» መልስ አልነበረኝም። ስንነሣ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ስትሄዱ ባትሪ ሁለት ያዙ ልጄ። አንዱ ቢጠፋ እዚያ ጨለማው የገዛ እጅህን አያሳይህም።»

አዲሱን ታሪክ ከእሑድ ጀምሮ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ጭራቁን አውጥቼዋለሁ። አንድ ልጅና ለጸሎት የመጡ አያቱ አሉበት፣ ወንዙ አለበት፣ ልጁም ባትሪ የያዘው አንድ ብቻ ነው።