ስለ ብር ሜዳይና ስለ ነሐስ ሜዳይ

ሜዳይ ማለት አንድ መንግሥት ላገለገለው ሰው፥ «ድካምህን አልረሳሁም» ሲል የሚሰጠው ምልክት ነው። ምልክትም ስለ ሆነ ክብሩ የሚመዘነው በማዕድኑ ሳይሆን በሰጪው ልብ ነው። ይህንም ከቅኝ አገር ወታደሮች ታሪክ እንማራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እንግሊዞች በጦር ሜዳ ለሚሠራ ጀግንነት የሚሰጡት ከሁሉ የበለጠ ክብር የቪክቶሪያ መስቀል ይባላል። ይህ መስቀል በ1856 ቢቋቋምም፥ በእንግሊዝ ግዛት ሥር ለነበረው ለህንድ ተወላጅ ወታደር እስከ 1911 ድረስ አይሰጥም ነበር። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ፥ በ1914 በጥቅምት ወር፥ ኩዳዳድ ካን የሚባል የፑንጃብ ሰው በቤልጅግ አገር በሆለቤከ አጠገብ በመትረየስ ይዋጋ ነበር። አለቃው ቈሰለ፤ ሁለተኛው መትረየስ በመድፍ ተመትቶ ከሥራ ወጣ፤ አምስቱ ጓደኞቹም በአጠገቡ ሞቱ። እርሱ ግን ቈስሎ ሳለ መተኰሱን አልተወም። ጠላትም ሞቷል ብሎ ቢተወው፥ እየዳኸ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። በዚህ ሥራው ከህንድ ተወላጅ ወታደሮች መጀመሪያ ለዚህ መስቀል የበቃ እርሱ ሆነ። መስቀሉም የተሠራው ከነሐስ ነው፤ ስለ ነሐስነቱ ግን የናቀው የለም።

ጦርነቱ በ1918 ከቆመ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ለዘመቱት የዘመቻ ሜዳይ አሠራ። በአንድ ፊቱ የንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ መልክ፥ በሌላው ፊቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ይታያል። በጠርዙም የተቀባዩ ስም ተቀርጿል። ለወታደሩ የተሰጠው ከብር ነበር። ከቻይና፥ ከህንድና ከማልታ መጥተው ጭነት ላራገፉና መንገድ ለሠሩ የሥራ ጓዶች ግን የተሰጣቸው ከነሐስ ነው፤ ቍጥሩም ወደ 110 ሺህ ይደርሳል። በዚያው ሥራ የተሰለፈ የእንግሊዝ ወታደር ግን የብሩን ተቀበለ። ሥዕሉ አንድ ሲሆን ማዕድኑ በትውልድ ተለየ።

ከዚህም የባሰ አለ። በ1917 በየካቲት ወር ሜንዲ የተባለች መርከብ የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሠራተኞችን ጭና ወደ ፈረንሳይ ስትሄድ፥ በእንግሊዝ ባሕር ዳር በጉም ውስጥ ሌላ መርከብ ገጭቷት ሰጠመች፤ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን ለዚህ ጓድ ጥቁር ሰዎች የነሐሱን ሜዳይ እንኳ ከለከለ።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ አስተውል። ኩዳዳድ ካንን ያከበረው ነሐስ ሠራተኛውን ስለ ምን አዋረደው? የመስቀሉ ነሐስ ለጄኔራሉም ለተራው ወታደርም አንድ ስለ ሆነ ክብር ነው። የሠራተኛው ነሐስ ግን «አንተ ከባልንጀራህ ታንሳለህ» የሚል ቃል ስላለበት ስድብ ሆነ። ሐዋርያው ያዕቆብም ባለጠጋውን በክብር አስቀምጦ ድኻውን ማቆም ኃጢአት መሆኑን አስተምሮናል።

ነገ አለቃ ወይም ዳኛ ብትሆን፥ ዋጋ ስታከፋፍል የሰውን ድካም እንጂ ትውልዱን አትመልከት። ምስጋናን አድልቶ የሚሰጥ ሰው፥ ከሰጠው ክብር ይልቅ የነፈገው ይታወስበታልና።