ማሞ ቂሎ ከምድጃ ዳር ወደ መጽሐፍ

በፋርጣም ይሁን በጋይንት፣ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ማሞ ቂሎን ያውቀዋል፤ የጦጣንና የጅብን ተንኮል ሰምቷል። ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነው። ለዚህ ጉድለት መላ በመፈለግ ዓመታት ያሳለፉ ኢትዮጵያዊ አሉ፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይባላሉ። ከእሳቸው ሥራ የደብረ ታቦርና የአካባቢው መምህር የሚወስደው ብዙ ነገር አለ።

ሰውየው ማን ናቸው?

ዮሐንስ የተወለዱት ነገሌ ቦረና ነው። ከትምህርት ውጭ የሚነበብ መጽሐፍ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር፤ እሱም በውሰት ያገኙት የፍቅር ልብ ወለድ ነው። በኋላ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠሩ። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እንዲገዙ ሲታዘዙ፣ የአማርኛ ቢፈልጉ አጡ። ልጅነቷን በኢትዮጵያ ካሳለፈችው አሜሪካዊት የልጆች ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ራሳቸውም ብዕር አነሡ።

መጽሐፉ

በእንግሊዝኛ «ሲሊ ማሞ» የተሰኘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ነው፤ ሥዕሎቹን የሠሩት ቦጋለ በላቸው ናቸው። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የማሞ ነው፤ የእናቱን ምክር ቃል በቃል ይዞ ጉድ የሚያፈላው ልጅ።

ይህ ተረት ለሥዕል የተፈጠረ ይመስላል። ለምን እንደሆነ በየቤቱ ከሚወራው የበሩ ጨዋታ እንየው። እናቱ «በሩን አደራ፣ እንዳትለየው» ብላው ትወጣለች፤ እሱም በሩን ነቅሎ ተሸክሞ ይከተላታል። በመጽሐፍ ሲሠራ በአንዱ ገጽ የእናቱ ቃል ይጻፋል። በሚቀጥለው ገጽ ምንም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ከበሩ ሥር ጎብጦ የሚሄደው ልጅ ይበቃል። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ሳይቀር አንባቢው ሳይጨርስ ይስቃል። ደራሲውም ሠዓሊውም እኩል ተራኪ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከቀደሙት በምን ይለያል?

ከዚያ በፊት ለልጆች የደከመ አልነበረም ማለት ግፍ ነው። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ትውልድ በቃሉ አጥንቶታል። አባባ ተስፋዬም ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት አውርተዋል። ሆኖም በግጥም የተጻፈው ምሳሌ ደህና አድርጎ የሚያነብ ልጅ ይፈልጋል፤ የአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ተረት ደግሞ መብራትና ቴሌቪዥን ካለበት አይወጣም ነበር። የሥዕል መጽሐፍ ሁለቱንም አይጠይቅም። ልጁ ራሱ ይገልጠዋል፤ ደስ ያለውን ገጽ አሥር ጊዜ ይመለስበታል።

ቤተ መጻሕፍቱና አህያዋ

ዮሐንስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ 15,000 መጻሕፍት ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ አህያ የምትጎትተው፣ መደርደሪያ የተገጠመለት ጋሪ መጽሐፍ ይዞ ልጆች ወዳሉበት መዞር ጀመረ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው።

የአህያዋ ነገር ለእኛ አገር ደጋ ሩቅ አይደለም። እህል ገበያ የምታደርስ አህያ አንድ ሣጥን መጽሐፍ አይከብዳትም፤ ጋሪ በማይሄድበት ቁልቁለትም በጭነት ትሄዳለች።

በክፍላችሁ እንዴት ይሠራ?

አንደኛ፣ ተረቱን ከልጆቹ ተቀበሉ። እያንዳንዱ ከአያቱ አንድ ተረት ሰምቶ ይምጣ። አለቃ ገብረ ሃና የፎገራ ሰው ናቸውና ከቀልዶቻቸው ለልጅ የሚሆነውን መምረጥ ይቻላል። የቡሄ ጅራፍና ሙልሙልም ጥሩ ታሪክ ይወጣቸዋል።

ሁለተኛ፣ 4 ሉክ ወረቀት አነባብራችሁ መሐል ለመሐል እጠፉ፤ እጥፋቱን በመርፌና በክር ስፉት። 16 ገጽ ይሆናል። የመጀመሪያው ለርዕስ፣ የመጨረሻው ለሠሪዎቹ ስም ይቀመጥ። በመካከል 7 ትይዩ ገጾች ይቀራሉ፤ ስለዚህ ታሪኩን በ7 ድርጊት ክፈሉት። ሽፋኑን ከካርቶን ሥሩ።

ሦስተኛ፣ በአንድ ድርጊት ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አትጻፉ። ሥዕሉ የሚናገረውን ጽሑፉ አይድገመው።

አራተኛ፣ ልጆቹ የሚያውቁትን አገር ይሣሉ፦ ከበስተጀርባ ጉና፣ ከፊት የገብስ ማሳ፣ ደጅ ላይ የተሰጣ ብቅል። ሥዕሉ አላማረም ብላችሁ አትሰርዙ።

አምስተኛ፣ የጻፈውም የሣለውም ልጅ ስም ሽፋኑ ላይ ይውጣ።

የዮሐንስ ትልቁ ቁም ነገር ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ ባይገኝ ሌላ እስኪጽፈው አለመጠበቃቸው ነው። እናንተም ሚኒስቴሩ እስኪልክ አትጠብቁ። ዘንድሮ እያንዳንዱ ክፍል አንድ መጽሐፍ ሠርቶ ለታናሾቹ ያስረክብ።