በባለቤትነትና በወደብ መካከል፦ «ኢትዮጵያ» የተሰኘችው የጦር መርከብ ሁለት አገልግሎቶች (1944–1993)

መግቢያ

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ጦርነቶች አንድ መርከብ ከአንዱ ሰንደቅ ዓላማ ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው ምርኮ ነበር። ከመንግሥታቸው ፈቃድ ተቀብለው የጠላትን ንግድ የሚያጠቁ የግል መርከቦችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። ለምሳሌ «ቦርዴሌ» የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ በጥቅምት 1799 «ሬቮሉሲዮኔር» በተባለች የእንግሊዝ ፍሪጌት ተይዛ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ ተመዘገበች። ማራኪዋም ቀደም ሲል ከፈረንሳይ የተማረከች ነበረች። እንዲህ ያሉ መርከቦች ባለቤትነታቸው በአጭር ጊዜና በፍርድ ቤት ውሳኔ ይለወጥ ነበር። ይህ ጽሑፍ ሽግግሩ በውሰት ሲፈጸም ምን እንደሚከተል በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ታሪክ ይመረምራል። ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

ከ«ኦርካ» ወደ «ኢትዮጵያ»

መርከቧ በ1942 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከውኃ ገባች፤ በጥር 1944 «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። 95 ሜትር ገደማ የምትረዝመው ይህች መርከብ ተግባሯ የባሕር አውሮፕላኖችን በነዳጅ፣ በጥገናና በሠራተኛ ማረፊያ መደገፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ዘመቻ ተሳትፋለች።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተመሥርቶ ዋና ሰፈሩን ምፅዋ ላይ አድርጎ ነበር። «ኦርካ» በ1962 በውሰት ተሰጥታው «ኢትዮጵያ» ተባለች። አውሮፕላን የሌለው ይህ ኃይል መርከቧን ለዕጩ መኮንኖች ሥልጠና አዋላት። ለብዙ ሠራተኛ ማረፊያ ታስቦ የተሠራው አካሏ ለዚህ አመቺ ነበር። ባለቤትነቷ ግን በውሰቱ ዘመን በአሜሪካ እጅ ቆይቶ በ1976 በግዢ ወደ ኢትዮጵያ ተላለፈ። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ አገሮች ወታደራዊ ትብብር ተቋረጠ። ስለዚህም መርከቧ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያ በሆነች ማግሥት ከሠሪዋ የድጋፍ ምንጭ ተለየች።

ያለ ወደብ የቀረ ባሕር ኃይል

በየካቲት 1990 ምፅዋ በሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ እጅ ገባች። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ አሰብም ተከተለች፤ «ኢትዮጵያ»ም ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች። በ1993 ለብረት ስብርባሪነት ተሸጠች፤ በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃነቷን ዐወጀች። ቀሪዎቹ መርከቦች ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። የወደብ ኪራይ ሳይከፈል በመቅረቱ የጅቡቲ መንግሥት በ1996 ወርሶ በሐራጅ ሸጣቸው። ባሕር ኃይሉም በዚህ አበቃ።

ትንታኔ

ሁለቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ ምርኮና ውሰት የሚለያዩት በሕግ ብቻ አይደለም። «ቦርዴሌ»ን የማረከው ኃይል የራሱ ወደብ፣ የመርከብ መጠገኛና ሠራተኛ ስለነበረው መርከቧን ወዲያውኑ የራሱ ማድረግ ችሏል። በ«ኢትዮጵያ» ታሪክ ግን የባለቤትነት ሰነዱ ተሟልቶ ሳለ መርከቧን ጠላት ሳይማርካት ጠፍታለች። ያጣችው የምትመለስበትን ወደብ ነው። በጅቡቲ የሆነውም ይህንኑ ያጸናል፤ በዚያ መርከቦቹን ከባለቤታቸው የለየው መድፍ ሳይሆን የኪራይ ዕዳ ነበር።

ማጠቃለያ

ከ1902 ጀምሮ ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር ያገናኘው የባቡር መሥመርም ሆነ ዛሬ በከተማዋ ታይዋን ገበያ የሚቀርበው የውጭ ሸቀጥ፣ ሰላማዊ ንግድ በሌላ አገር ወደብ ሊካሄድ እንደሚችል ያሳያሉ። የጦር መርከብ ግን በእንግድነት ለረጅም ጊዜ መኖር አይችልም። ኢትዮጵያ በ2019 ባሕር ኃይሏን ዳግም ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ፈርማለች። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች «ምን ዓይነት መርከብ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድመው «በማን ወደብ፣ በምን ውል፣ በማን ጥገና?» የሚሉትን ሊያነሡ ይገባል። የ«ኢትዮጵያ» ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።